መስተፋቅር ያሏት ጥቁር ፍሬ

ፋንታሁን የሀዳነን ፀጉር ጨምድዶ ፊቱን ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጋር አላተመው። አንዴ አልበቃውም፤ ደገመው። ግድግዳው ላይ የተጋገረው የዓመታት ዱቄት ረግፎ ከደሙ ጋር ተለወሰና በሀዳነ ጢም ላይ ሊጥ ሆኖ ቀረ።

«የአባቴን እጅ አምጣ!» ይላል ፋንታሁን። «አምጣ አንተ ቡዳ! የበላኸውን እጅ አምጣ!»

ከውጭ የአዘዞ ሰው ደጃፉን ሞልቶ ያጉረመርማል። ከመሃሉ «ምን ትጠብቃለህ! ድፋው!» የሚል አልጠፋም። ማለዳ ጎንደር ከተማ ወጥተው የሀዳነን የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ሰብረው፣ ሬዲዮኖቹን በድንጋይ ቀጥቅጠው፣ እሱን በጠፍር አስረው የጭነት ማኪና ላይ እንደ ጆንያ ወርውረው ነው ያመጡት። መንገዱን ሙሉ ረግጠውታል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል። አየር በሳበ ቁጥር ግራ ጎኑን የሆነ ነገር ይወጋዋል። እስካሁን ግን «ኧረ ማሩኝ» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ፋንታሁንን ይበልጥ ያሳበደው ይኸው ነው።

ፋንታሁን የቀኛዝማች ማሩ የበኩር ልጅ ነው። ቀኛዝማች የዚህ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ባለቤት ናቸው። ትናንት ሰኞ ረፋድ ላይ የዱቄቱን ልመት በጣታቸው ሊያዩ ጎንበስ ሲሉ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ የጋቢያቸውን ጫፍ ያዘ። ጋቢው እጃቸውን ጎትቶ ገባ። በግራ እጃቸው የማቆሚያውን ገመድ ሳቡት፤ ወፍጮው አልቆመም። እየጮኹ ደጋግመው ሳቡት፤ ወፍጮው መፍጨቱን ቀጠለ። የወፍጮው ሠራተኛ አያ ወልደ ዮሐንስ ወደ ውጭ ሮጦ ዋናውን መብራት እስኪያጠፋ ድረስ ከቀኝ እጃቸው የተረፈ ነገር አልነበረም። ዛሬ ጠዋት ሐኪሞቹ ክንዳቸውን ከትከሻቸው ሥር ቆርጠው አወጡት። ገመዱ የታሰረበትን የማቆሚያ ሳጥን የሠራው ደግሞ ሀዳነ ነው።

ሀዳነ የወለቃ ልጅ ነው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቱ ሸክላ ሠሪ። የአገሩ ሰው ወገኖቹን ቡዳ ይላቸዋል። ቀን ማረሻውን ያስቀጠቅጣቸዋል፣ ማሰሮውን ከእነሱ ይገዛል፤ ሲመሽ ጅብ ሆነው ይዞራሉ ብሎ በሩን ይቀረቅርባቸዋል። እኔ በበኩሌ ቀን ማረሻ ቀጥቅጦ ሌሊት ጅብ ለመሆን ጉልበት የሚተርፈው ሰው ካለ አንድ ቀን ባየው ደስ ይለኛል።

ፋንታሁን ምንሽሩን ከትከሻው አውርዶ አቀባበለ። ሀዳነ በጉልበቱ ተንበርክኮ ደረቱን ቀና አደረገ።

«በሕግ አምላክ!»

የጮኸው አያ ወልደ ዮሐንስ ነበር። በዚያ ዘመን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ሰይፉን አንስቶም ቢሆን ባለበት ይቆማል። ፋንታሁንም ጥርሱን እያፋጨ ቆመ።

«አያ ወልደ ዮሐንስ፣ ምነው? ከማን ጋር ነህ አንተ?»

«ከጌታዬ ጋር ነኝ። ቀኛዝማች እጃቸውን ምን እንደበላው ሳያውቁ ይህን ሰው ገድለህ ምን ልትላቸው ነው? ሳጥኑን ይክፈትና ያሳየን። የሱ እጅ ሥራ ሆኖ ከተገኘ እኔው ራሴ አሳልፌ እሰጥሃለሁ።»

ፋንታሁን ጥቂት አሰበና በሰደፉ የሀዳነን ትከሻ ገፋው። «ሸጋ! ክፈተው። ጥፋቱ ያንተ ከሆነ ግን እዚሁ ዱቄቱ ላይ ነው የማጋድምህ።»

በዚህ መሃል ሕዝቡ ለአንዲት ልጅ መንገድ ለቀቀላት። የፋንታሁን እህት ሐረገወይን ናት። ከሆስፒታል መምጣቷ ነው፤ ነጠላዋ ላይ የአባቷ ደም ደርቋል። ሀዳነ በአንድ ዓይኑ አያት። እሷም አየችው፤ ወዲያው ፊቷን አዞረች። ያን ሁሉ ዱላ የቻለው ልጅ ይህን መቻል አቃተው።

*

ዓመት ሊሆነው ነው። የወፍጮ ቤቱ አሮጌ ማብሪያ እሳት እየተፋ ሰው ሲጥል ጊዜ ቀኛዝማች «ያንን የአስመራ ተማሪ ጥሩልኝ» አሉ። ሀዳነ አስመራ ከጣሊያን ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሲሠራ ኖሮ መመለሱ ነበር። መጣ፤ ትንሽ የእንጨት ሳጥን ግድግዳው ላይ አቆመ። ሐረገወይን ያን ጊዜ እህል የምትረከበው እሷ ነበረችና ከአጠገቡ ቆማ የእያንዳንዱን ነገር ስም ትጠይቀዋለች።

«ይቺ ባለ ሦስት እግሯ ምንድን ናት?»

«ትራንዚስተር ናት። በር ጠባቂ በያት። በቀጭኗ ሽቦ ትንሽ ሹክ ሲሏት በሩን ትከፍታለች። እህሉ ሲያልቅ ወይም ገመዱ ሲሳብ ሹክታው ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ ትዘጋለች።»

«ይህስ ጥቅልሉ?»

«ሪሌ ይባላል። በሯ ሲከፈት ይህ የመዳብ ጥቅልል ምላሱን ቀጭ አድርጎ ይስባል፤ ሞተሩ ይነሳል። ሲዘጋ ይለቀዋል፤ ሞተሩ ይቆማል።»

«ይቺስ ጥቁሯ ፍሬ? ነጭ ቀለበት ያላት?»

ሀዳነ ሳቀ። ሲስቅ አንገቱን ይደፋል፤ ሐረገወይን ይህን ካየች ወዲህ ነው እህል መስፈር የተሳናት።

«እሷማ ዳዮድ ናት። ወፍጮው ሲሠራ ምንም አትሠራም። ጥቅልሉ ግን ሲለቁት ይራገጣል፣ እንደ በቅሎ። ርግጫውን የምትቀበለው እሷ ናት።»

«ሲለቁት የሚራገጥ ነገር እኔም አውቃለሁ» አለችና በራሷ ድፍረት ደንግጣ ወደ ጆንያዎቿ ሮጠች።

ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ ምንም ሳይሆን ሀዳነ እየመጣ ይፈትሸዋል። እሷም እህል ሳይኖር እህል ልትረከብ ትመጣለች። ሁለቱ ማንም አላወቀብንም ይላሉ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ አዘዞ ግን ከዳር እስከ ዳር ያወራል። ወሬው ከአክስቷ ከወይዘሮ ትርንጎ ዘንድ ሲደርስ ወይዘሮዋ ወፍጮ ቤት ድረስ መጥተው ሳጥኑን አስከፍተው አዩ።

«ይቺ ቀለበት ያላት ጥቁር ነገር ምን ታደርጋለች?» ብለው ሐረገወይንን ጠየቋት።

«ሲሠራ ምንም አትሠራም ብሎኛል።»

«ምንም ካልሠራች ለምን ታሰረች? አንቺ ተላላ! መስተፋቅር ነው ያሰረብሽ! የባላባት ልጅ ቀጥቃጭ ስትወድ በምን ትወዳለች? ያ ልብሽ የራስሽ መሰለሽ?»

ሀዳነ ይህን አልሰማም። እሱ የሚያውቀው ባለፈው እሑድ መንገድ ላይ ፊቷን እንዳዞረችበት ብቻ ነው። ለአንድ የደባርቅ ባላባት ልጅ አጭተዋታል ብሎ ደመደመና ያን ቀን ሙሉ እህል ሳይቀምስ ዋለ።

*

ጠፍሩን ፈቱለት። ጣቶቹ ደንዝዘው ካቻቢቴውን ሁለት ጊዜ ጣለው። የዕቃ ቦርሳውን ፋንታሁን ለጥንቆላ ማስረጃ ብሎ አምጥቶት ነበርና ጠቀመው።

«በመጀመሪያ ቺንጋውን ከሞተሩ አውልቁልኝ። ሰው እንዳይጎዳ።»

«አሁን ነው ሰው እንዳይጎዳ የምትል?» አለ ፋንታሁንና በርግጫ ጎኑን አገኘው። የሚወጋው ቦታ ላይ ነበር። ሀዳነ እጥፍጥፍ ብሎ ወደቀ፤ እንደገና ሳጥኑን ተደግፎ ተነሳ።

አያ ወልደ ዮሐንስ ቺንጋውን አወለቀና ዋናውን መብራት አበራ። ሪሌው ወዲያው ቀጭ አለ፤ ሞተሩ አጓራ። ያስነሳው ሰው የለም፤ ከወፍጮው አፍ ላይ አንዲት ፍሬ እህል የለም። ሕዝቡ እርስ በርሱ እየተረጋገጠ ወደ ኋላ ሸሸ። ሴቶቹ አማተቡ።

ሀዳነ ገመዱን ሳበ። ሞተሩ ማጓራቱን ቀጠለ።

«አጥፋው አያ።»

ሞተሩ ዝም አለ። ሀዳነ የሪሌውን ምላስ በጣቱ ነካው። ተላቆ ወደ ቦታው ተመልሷል። ምላሱ ተቃጥሎ ተጣብቆ ቢሆን ኖሮ አይመለስም ነበር። ከዚያ ቀጭኗን ሽቦ ከትራንዚስተሩ እግር ላይ በፒንሳ ነቀላት። አሁን ለበር ጠባቂዋ ሹክ የሚላት የለም።

«አብራው።»

ቀጭ። ሞተሩ አጓራ።

«አጥፋው! ገመዱ ደህና ነው። ሪሌውም ደህና ነው። የሞተችው ትራንዚስተሯ ናት። ማንም ሳያዛት ከፍታ ቀርታለች።» ቴስተሩን አወጣና እግሮቿን ነካካ። መርፌው በወዲህም ቢሉት በወዲያም ቢሉት እስከ ዳር ይወረወራል። «አየህ አያ? መዝጋት አትችልም። በሩ ተገንጥሏል።»

«የሠራኸው አንተ!» አለ ፋንታሁን። አፈሙዙን ማጅራቱ ላይ ሰካው። «ሞተች ይለኛል! ማን ገደላት?»

ሀዳነ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ አለ። ዳዮዷን እየፈለገ ነበር። ትራንዚስተር እንዲህ የምትሞተው የጥቅልሉን ርግጫ የሚቀበልላት ሲጠፋ ነው። ፍሬዋ በነበረችበት ቦታ ሁለት የሽቦ ጫፎች ብቻ ቆመዋል። አልተቃጠሉም፤ ሁለቱም ተቆርጠዋል። ቆራጩ ፒንሳም ቢላዋም አይደለም፤ ጫፋቸው በመቀስ የተቆረጠ ክር ይመስል ተጠፍጥፏል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሲፈትሸው ፍሬዋ በቦታዋ ነበረች። ቅዳሜ ለወገኖቹ ሰንበት ነው፤ ከወለቃ አልወጣም። ቅዳሜ ገበያ ነውና ወፍጮው ሲነሳ ሲቆም፣ ሲነሳ ሲቆም ውሏል። በቆመ ቁጥር ጥቅልሉ ትራንዚስተሯን ረግጧታል። ሰኞ ረፋድ ላይ እጅ ሰጠች።

መቀስ ከእጇ የማይለያት፣ የጆንያ አፍ መስፊያ ክር የምትቆርጥ አንዲት ሰው ናት። ሀዳነ ቀስ ብሎ ዞረ። ሐረገወይን በነጠላዋ አፏን አፍናለች፤ ዓይኖቿ ከሁለቱ የሽቦ ጫፎች ላይ አይነቀሉም። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ገባው። የገባው ነገር ከአፈሙዙ የበለጠ ቀዘቀዘው።

«ምንድን ነው? ተናገር!» ፋንታሁን በሰደፍ ጀርባውን መታው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ሀዳነ። «እዚህ ላይ መግባት የነበረበት ዕቃ አለ። ረስቼ ሳላስገባው ቀረሁ።»

«ኧረ ልጄ!» አለ አያ ወልደ ዮሐንስ። «ጥቁር ፍሬ አልነበረችም ወይ? እኔ በዓይኔ…»

«አልነበረችም አያ። ተሳስተሃል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ፋንታሁን እንደ መሳቅ አለ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ፣ ከንፈሩ ደም ሸሸው። «ሰማችሁ? ሁላችሁም ሰማችሁ? በገዛ አፉ!» አለና ምንሽሩን ሀዳነ ግንባር ላይ አስተካከለ። በሕግ አምላክ ያለው ሽማግሌ በገዛ ቃሉ ታስሮ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«እኔ ነኝ!»

ጩኸቱ ቤቱን ሰነጠቀው።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት! ይዋሻል! አትተኩስ ወንድም ጋሼ፣ ይዋሻል፣ እኔ ነኝ!» ሐረገወይን በሁለቱ መካከል ገብታ ቆመች። «መስተፋቅር ነው አሉኝ። ልብሽ የራስሽ አይደለም አሉኝ። ልቤ የራሴ እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። ዓርብ ምሽት መጥቼ በመቀስ ቆረጥኳት፣ ቀሐ ወንዝ ወስጄ ጣልኳት። የአባባን እጅ የቆረጥኩት እኔ ነኝ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የፋንታሁን መዳፍ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ከጆንያዎቹ ላይ ተዘረረች። ጉትቻዋ ጆሮዋን ቀዶ ወደቀ። አልበቃውም፤ በጫማው ሆዷን ረገጣት፣ ደገማት።

«ለሱ ብለሽ! ለቀጥቃጭ ብለሽ አባቴን! አባቴን!» ያለቅስ ነበር። እንባው በጉንጩ እየወረደ አፈሙዙን ወደ እህቱ አዞረው።

እስካሁን እጁን ያላነሳው ሀዳነ ተነሳ። በየት በኩል እንደተነሳ ማንም አላየውም። የምንሽሩን አፍ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱ ጎተተው፣ ፋንታሁን ጎተተ፣ ሀዳነ በግንባሩ አፍንጫውን መታው፣ አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ሁለቱም ዱቄት ላይ ተንከባለሉ። ፋንታሁን የሀዳነን ጉሮሮ አነቀ፤ ሀዳነ እጁን ነከሰው። በዚህ መሃል ጥይቱ ጮኸ።

ዱቄቱ እንደ ጉም ተነስቶ ቤቱን ሞላው። ለጥቂት ጊዜ ሳል ብቻ ተሰማ። ሲገልጥ አያ ወልደ ዮሐንስና ሌሎች ሰዎች ፋንታሁን ላይ ወድቀው እጁን ሲያስሩት ታየ። አልታገላቸውም። አፍንጫው እየደማ «አባቴ፣ አባቴ» ይላል።

ሀዳነ በጀርባው ተኝቷል። ጥይቱ ከቀኝ አንገትጌው ሥር ገብቶ በትከሻው ወጥቷል። ሐረገወይን እየዳኸች ደረሰችና ነጠላዋን ጠቅልላ ቁስሉ ላይ ጫነችው፤ አልበቃ ሲላት በሁለት መዳፏ ተጫነችው። የእሱ ወገኖች የሌላ ወገን ሰው አይነኩም፤ የእሷም ወገኖች ቀጥቃጭ አይነኩም። ዓመት ሙሉ ሲዋደዱ ጣታቸው ተነካክቶ አያውቅም ነበር። አሁን ደሙ በጣቶቿ መሃል እየሞቀ ይወጣል።

«አትሙትብኝ። በሞቴ፣ በእመቤቴ፣ አትሙትብኝ። ማኪና እያመጡ ነው።»

«አንቺም?» አላት። አንድ ዓይኑ ነው የሚያያት። «ሐረጌ፣ አንቺም አመንሽ? ሌላው ሁሉ ይበለኝ። አንቺም ቡዳ ነው አልሽ?»

መዋሸት ትችል ነበር። ሰው ሊሞት ሲል መዋሸት ጽድቅ ነው የሚሉም አሉ። ሐረገወይን ግን አልዋሸችም።

«አመንኩ። ቅዳሜ ወፍጮው ያለሷ ሲሠራ ዋለ። እንግዲያስ ዕቃ አይደለችም፣ መስተፋቅር ናት፣ ሀዳነ ዋሽቶኛል አልኩ። አመንኩ።»

ሀዳነ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዱላውም ከጥይቱም የበረታ ነገር አሁን ነው ያገኘው። ከውጭ የማኪና ድምፅ ይሰማል፣ ሰዎች ይጯጯሃሉ፣ አያ ወልደ ዮሐንስ ቃሬዛ እያለ ይጣራል። እሷ መዳፏን ከቁስሉ ላይ አላነሳችም።

«ከዚያስ?» አለ ግድግዳውን እያየ። ድምፁ እየደከመ ነበር። «ከቆረጥሻት በኋላስ? ፍቅሩ ተወሽ?»

«ይተወኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጾምኩ፣ ሰገድኩ። እሑድ መንገድ ላይ ሳይህ ፊቴን ያዞርኩት ቢተወኝ ብዬ ነው። ባሰብኝ። ሀዳነ፣ አፈር ልብላልህ፣ ባሰብኝ። ከዚያ ምን አልኩ መሰለህ?» እንባዋ ግንባሩ ላይ ተንጠባጠበ። «ቡዳም ከሆነ ይብላኝ አልኩ።»

ያን ሁሉ ሰደፍና ርግጫ ሳይተነፍስ የቻለው ልጅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ።